እርጥብ ጆንያ ያለበስኩት ማሽን

ማሽኑን በደንብ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ከላዩ ጽዋ የመሰለ ጎድጓዳ ያለው ሳጥን ነው። በቆሎ ጨምረህበት ትንሽ ስትጠብቅ ግንባሩ ላይ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከአሥራ ሦስት ተኩል ካለፈ በቆሎው እርጥብ ነውና መጋዘን አይገባም፤ ካላለፈ ይገባል። የእኔ ሥራ ጆንያውን በቀዳዳ ብረት ወግቼ ናሙና ማውጣት፣ በጣሳ ይዤ ወደ ማሽኑ ክፍል መውሰድና መለካት ነው። ቁጥሩ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል፣ ከኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ ከዚያ “ይግባ” ወይም “ይመለስ” የሚል ቃል ይመጣል። ድርጅቱ እህል ነጋዴ ነው። እዚህ ጋምቤላ ከሚገዛው ብዙው እዚሁ ይበላል፤ ኩሌና ሌሎቹም የስደተኛ መጠለያዎች ይሄዳል።

እኔ ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ ፊደል የቆጠርኩት የቀበሌ ጥላ ሥር ነበር። ከዚያ ማረስ ነው፣ ጉልበቴ ሲደክም ደግሞ ከተማ ገብቼ ይሄ ሥራ። ስለዚህ ለማሽን የተማረ ሰው የነገረኝን ቃል በቃል እይዛለሁ። ማሽኑን የተከለው ሰውዬ ሲሄድ፣ “አባት፣ የዚህ ዕቃ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከሙቀት ይጠብቁልኝ” አለኝ። ጠበቅኩለት። ክፍሉ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ስለሆነ ከጣሪያው ማራገቢያ ተሰቅሎ ነበር፤ ጠዋት ከፍቼ ማታ እዘጋለሁ፤ ስንት ዓመት ሠራ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል መጣና ማራገቢያው ተቃጠለ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። “ይገዛል” አለ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ትጠብሰዋለች። ማሽኑን በእጄ ስነካው ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ያተኩሳል። ምን ላድርግ? እዚህ አገር የምንጠጣውን ውኃ እንዴት ነው የምናቀዘቅዘው? ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን ጆንያውን ውኃ እናጠጣዋለን፣ ነፋስ ሲመታው ይበርዳል። እኔም አሮጌ የቃጫ ጆንያ አጥቤ፣ አርጥቤ፣ ግንባሩን ብቻ ትቼ ማሽኑን አለበስኩት። ተራ የሚጠብቁትንም የናሙና ጣሳዎች ከዚያው ከጆንያው ሥር ከተትኳቸው፤ በቆሎውም ማሽኑም እኩል ይቀዝቅዙ ብዬ። ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ አጠጣው ነበር። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቆሎ ሁሉ “ይመለስ” ሆነ።

መጀመሪያ የአንድ ሰው፣ ቀጥሎ የሦስት፣ ከዚያ የሁሉም። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ተኩል። በጥርሴ ስሰብረው ኳ ብሎ የሚሰበር በቆሎ ማሽኑ እርጥብ ነው ይላል። እኔ ጥርሴን ትቼ ማሽኑን አመንኩ። ገበሬው ግቢው ውስጥ አውርዶታል፣ ያመጣው አይሱዙ ተመልሷል፣ መመለሻ መኪና የለም። ጆንያው ግቢው ውስጥ ተቆለለ። በላዩ ሸራ አለበሱት። ሰማዩ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ይጠቁራል።

ከዚያ ክምር ውስጥ ሃያ ጆንያው የሟች ወንድሜ ሚስት ንብረት ነበር።

አብረን ነው ከወሎ የመጣነው። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ አቦቦ መስመር ባለው ሰፈራ ብቻዋን ታርሳለች። እኔን “አያ” ትለኛለች፣ እኔም “እታለም” እላታለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ውኃ ሞልቶ ማሳዋን ጠርጎ ወሰደው። ቀጥሎ ስትዘራ፣ “አያ፣ ይሄም ካልሆነ መሬቱን ለእኩል ሰጥቼ በደሌ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። በሰው ቤት ጥግ ይዤ ልኑር” አለችኝ። በእርግጥም በቀለላት። በጋምቤላ ሙቀት በቆሎ ቤት ውስጥ ብዙ ካቆዩት የነቀዝ ነው፤ ስለዚህ አድርቃ ወዲያው አመጣችው። ቦታ ጠፍቶ ጆንያዋ ያረፈው ግቢው ዝቅ በሚልበት ጥግ ነው። እሷም ኒውላንድ ሰፈር እኔ ቤት እያደረች፣ ቀን ቀን መጥታ ጆንያዋ ላይ ትቀመጣለች።

“ዛሬስ ምን አለ ማሽንህ?” ትለኛለች።

“ያው ነው፣ እታለም።”

“ያንተ ማሽን ፀሐይ ላይ ያሰጣሁትን እኔን ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?”

ሥራ አስኪያጁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው። በስድስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአውሮፕላን መጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ዕድሜያቸው ከልጅ ልጆቼ ብዙም አይርቅም። የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም የሠሩት እነሱ ናቸው። የጆንያ አውራጆቹ አለቃ፣ ቁመቱ በር የማያስገባው የጎግ አኙዋ፣ ሻንጣቸውን ሲያይ ሳቀ።

“አባባ፣ እነዚህ በቆሎውን ሊያክሙት ነው? መርፌ ይዘዋል?”

“ዝም በል፣ እነሱ ናቸው የሚያድኑን” አልኩት።

የመሰለኝ መጥተው ኮምፒዩተሩን ነካ ነካ አድርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱ ነበር። ሥራ አስኪያጁም እንደዚያው። “ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ይቀየር። ፕሮግራሙንም ቀይሩት፣ ሽቦውንም። ሁሉንም ቀይሩትና እንገላገል” አላቸው።

ልጅቱ ረጋ ብላ፣ “ሁሉንም ባንዴ ከቀየርን ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አናውቅም። በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ባዶ እጃችንን ነን። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንነካው” አለች።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። መሃሉን በመስመር ከፈለችው። ባንዱ በኩል “ያየነው”፣ በሌላው “የመሰለን” ብላ ጻፈች። ከዚያ እያንዳንዳችንን ጠየቀችን። ሥራ አስኪያጁ “ማሽኑ አርጅቷል” ሲላት፣ “ያዩት ነው ወይስ የመሰለዎት?” ትላለች። እሱ ይናደዳል። እሷ “የመሰለን” ከሚለው ሥር ትጽፈዋለች። አለቃው ደግሞ “ገበሬው እርጥብ ያመጣል” አለ። “አይተሃል?” “አይ፣ መስሎኝ ነው” ብሎ ራሱ ሳቀ። ቀኑ ሲያልቅ “የመሰለን” የሚለው ሞልቶ “ያየነው” ሦስት መስመር ብቻ ነበር። በሕይወቴ ስንት ሸንጎ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም።

የገረመኝ ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ሌላ በሚቀስርበት ሰዓት ልጁ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ “ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ፕሮግራም ልከን ነበር። ስህተቱ የእኛ ሊሆን ይችላል። አዲሱን አንሥተን አሮጌውን እንመልስና እንየው” አለ። መለሱት። ናሙና ለካሁ። አሥራ ስድስት።

ልጅቱ “ጥሩ!” አለች።

እኔ ደነገጥኩ። “ምኑ ነው ጥሩ፣ ልጄ?”

“እኛ አለመሆናችንን አወቅን፣ አባት። አንድ በር ዘጋን።”

በር እየዘጋች ደስ ይላታል፤ ውጭ እታለም ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ሰማዩን ታያለች።

ከዚያ ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “አባት፣ ይሄ ነገር ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት እዚህ ክፍል ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? ትንሽም ትሁን። ማን ምን አደረገ ብለን አይደለም። ማንነቱ ለእኛ ምንም አይጠቅመንም። ምን ተለወጠ ነው የምንለው።”

“ማራገቢያው ተቃጠለ” አልኩት።

ጻፈው። “ሌላስ?”

ጆንያውን አየሁት። ማሽኑ ላይ አለ፣ እሱም ያየዋል። ግን አቧራ መከላከያ መስሎት ይሁን፣ ሁልጊዜም የነበረ መስሎት ይሁን አልጠየቀኝም። እኔም እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ጥፋት ነው ብዬ አላሰብኩም። የበረደ ነገር ምን ይጎዳል? “ሌላ የለም” አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ዘዴ ጀመሩ። ልጁ አስረዳኝ፤ ሽማግሌ ነው ብሎ አልናቀኝም። “ከጆንያው እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ እንደ ገመድ ያስቡት። ስህተቱ ገመዱ ላይ የሆነ ቦታ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንዳብስ ቀናችን ያልቃል። ከመሃል እንቆርጠዋለን። ከየትኛው ግማሽ እንዳለ ስናውቅ ያንን ግማሽ ደግሞ ከመሃል።”

መሃሉ የማሽኑ ግንባር ነበር። ቁጥሩ እዚያው ሲወጣ ነው የተሳሳተው ወይስ ኮምፒዩተር ሲገባ? እዚያው ነው። ስለዚህ ሽቦው፣ ኮምፒዩተሩ፣ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ነጻ ወጣ። የቀረው ከጆንያው እስከ ማሽኑ ያለው ነው። ያንን ደግሞ ለሁለት።

በበጋ እዚህ ሣር ሲያቃጥሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቱን በአንድ ወገን ይለኩሱታል፣ አዳኞቹ በሌላው ወገን ይቆማሉ። ሣሩ ውስጥ ያለው አውሬ መጀመሪያ ሽታው ብቻ ነው የሚደርሰው። ቀስ በቀስ መሬቱ ይጠብበታል። እኔም በዚያች ጠዋት እንደዚያ ሆንኩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የመጣ እሳት ክፍሌ ደርሶ የቀረው ሣር ጣሳዬ፣ እጄና ያ እርጥብ ጆንያ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የነገረኝ። በቆሎ ውኃ ይጠጣል። ይህን እኔ ገበሬው አላውቅም? ከእርጥብ ጆንያ ሥር ግማሽ ቀን የተቀመጠ በቆሎ ምን ይሆናል?

ያኔ መናገር ነበረብኝ።

ለምሳ ወጡ። እኔ አልወጣሁም። ጆንያውን ከማሽኑ ላይ አንሥቼ ጨመቅኩት፣ ጠቅልዬ ከኋላ ከባዶ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ጣሳዎቹን በሸሚዜ ጠራረግኩ፣ ጽዋውንም አደረቅኩ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ይስተካከላል፣ “ይግባ” ይባላል፣ የእታለም በቆሎ ይገባል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ አበቃ። እኛ አገር ነውርን እንዲህ ነው የምናነሣው፤ ሰው ሳያይ፣ ቀስ ብሎ።

ተመለሱ። ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ብቻ ስለነበር የጆንያውን መነሣት ልብ አላሉም። አዲስ ናሙና ወግቼ አመጣሁ፣ ለካሁ። አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።

ሥራ አስኪያጁ እጁን አጨበጨበ። “ይኸው! ዳነ! አሁን በሩን ክፈቱ!” አለቃው አውራጆቹን ጠርቶ አሰለፈ። እታለም ከጆንያዋ ላይ ተነሣች።

ሁለቱ ልጆች ግን አልሳቁም። እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቱ ሌላ ናሙና አስለካችኝ። አሥራ ሦስት። ሌላ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

“አይከፈትም” አለች።

“እንዴት አይከፈትም?” ሥራ አስኪያጁ ጮኸ።

“ጠዋት አሥራ ስድስት ያለው አሁን አሥራ ሁለት አለ። ማንም ምንም አልነካም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት የዋሸ ከሆነ ደህና። የሚዋሸው አሁን ከሆነ ግን እርጥብ በቆሎ ከደረቁ ጋር መጋዘን እናስገባለን፣ ሁሉም ይሻግታል፣ የሻገተውን ደግሞ የኩሌ ልጆች ይበሉታል። ለምን እንደዳነ ያላወቅነው በሽታ አልዳነም።”

“ዝናብ እየመጣ ነው’ኮ፣ እህቴ!”

“አውቃለሁ” አለች። “አውቃለሁ። ፈጥነን እንፈልገዋለን።”

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጁ ወረቀቱ ላይ “ያለ ምክንያት ተስተካከለ” ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ምክንያቱ ከኋላው በርሜል ውስጥ ነበር። ምክንያቱ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። አፌን ከፈትኩ። “ምነው አባት?” አለችኝ ልጅቱ። “ምንም። ውኃ ላምጣላችሁ?” አልኳት። እንዲህ አልኩ። በቆሏቸው የተመለሰባቸውን ገበሬዎች ፊት አሰብኩ፣ በሸንጎ “ማነው ያደረገው” ሲባል የሚዞረውን ዓይን አሰብኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከበር ወጥቼ የምሄድበትን አሰብኩ። ማንነቱ አይጠቅመንም ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አላመንኩም። እንዲህ ያለ ሸንጎ አላውቅማ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ነፋሱ መጀመሪያ ሸራውን ነቀለው። አለቃውና ሰዎቹ ገመድ ይዘው ሮጡ፣ እኔም ሮጥኩ። በባልዲ የተደፋ ያህል ወረደ። ግቢው ወዲያው ወንዝ ሆነ፤ ወንዙም የሚሄደው ወደ ዝቅተኛው ጥግ ነው። እታለም ነጠላዋን አውልቃ ጆንያ ላይ ታለብሳለች። ለሃያ ጆንያ አንድ ነጠላ! “እታለም ተዪው፣ ትታመሚያለሽ” እላታለሁ፤ አትሰማኝም። ጆንያ አነሣለሁ እላለሁ፣ ከመሬት አይላቀቅልኝም። አለቃው ሁለት ሁለቱን እየተሸከመ አራቱን ከፍ ወዳለው አደረሰላት። ከዚያ ውኃው ጉልበቱ ድረስ ሆነ።

“አባባ፣ በቃ!” አለኝ ክንዴን ይዞ። “በቃ። ውኃ ከወሰደ ወሰደ።”

በማግስቱ በማለዳ በርሜሉ ዘንድ ሄጄ ጆንያውን አወጣሁ። ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ነበር፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“የተለወጠው ይሄ ነው” አልኳቸው። “እኔ ነኝ ያለበስኩት። ትናንት በምሳ ሰዓትም እኔ ነኝ ያነሣሁት።” ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ልጅቱ ጆንያውን ዳሰሰችና፣ “አባት፣ እንደገና አርጥበው ያልብሱት” አለችኝ።

“ምን?”

“እንደነበረው። ጣሳውንም ከሥሩ።”

በሽታውን መልሱት ማለቷ ነበር። እያለቀስኩ አለበስኩት። ተጠበቀ፣ ተለካ፤ አሥራ አምስት ነጥብ ሁለት። አንሡት አለች፣ አድርቁት፣ አዲስ ናሙና፤ አሥራ ሦስት። እንደገና አልብሱት። ሦስት ጊዜ አደረጉት። ሲፈልጉት የሚመጣ፣ ሲፈልጉት የሚሄድ ሲሆን ያን ጊዜ “አሁን አወቅነው” አለች፣ በሩም ተከፈተ። ከፍ ካለው ቦታ የነበረው የብዙ ሰው በቆሎ ገባ። የእታለምን አሥራ ስድስት ጆንያ ወጋሁ። ማሽኑ ቁጥር አወጣ፤ በዚህ ጊዜ አልዋሸም። በጥርሴ ሳደርገው እንደ ሊጥ ገባ።

ከመሄዳቸው በፊት ለአለቆቻቸው የሚልኩትን ጽሑፍ ልጁ አነበበልኝ። ማራገቢያው ተቃጥሎ ሳይተካ መቅረቱን፣ ለናሙና ሠራተኛ “ከሙቀት ይጠብቁ” ተብሎ በምን እንደሚጠበቅ አለመነገሩን፣ ክፍሉ ጥላ እንደሚያስፈልገው ይላል። ስሜ የለም።

“ዝም ማለቴንስ?” አልኩት። “እሱን ጻፈው።”

“ሰው ፈርቶ ዝም እንዳለ ጽፈናል፣ አባት። እንዳይፈራ ማድረግ የእኛ ሥራ ነበር።”

ደግ ልጅ ነው። ግን እኔ ቀለል አላለኝም።

ለእታለም የነገርኳት በቆሎውን ሸራ ላይ ስናሰጣ ነው። በቅሎ ነበር፣ ነጭ ነጭ ጥፍር አውጥቷል፣ ከሥሩ ያለው ይሸታል። እሷ ጎንበስ ብላ ደህናውን ከመጥፎው ትለያለች። ስጨርስ ቀና አላለችም።

“አልጠየቁህም?” አለች።

“ጠይቀውኛል።”

“ማነው ብለው?”

“የለም። ምን ተለወጠ ብለው።”

እጇ ቆመ። “ታዲያ አያ፣ ጆንያው አልተለወጠም ነበር?”

መልሴን ሳትጠብቅ መልቀሟን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ሳምንት መሬቱን ለእኩል ሰጥታ በበደሌ መኪና ሄደች። አልተቀየመችኝም፤ ወይም ተቀይማም ለሽማግሌነቴ አዘነችልኝ። መናኸሪያው ውስጥ ጉንጬን ሳመችኝ። ውኃ ያልነካውን አራቱን ጆንያ መጋዘን አላስገባችውም፤ ቤቴ ነው ያለው። ለዘር አስቀምጥልኝ፣ እመለሳለሁ ትለኛለች ብዬ መኪናው እስኪነሣ ድረስ መስኮቱ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። አላለችም።